የአባባ ቀኝ እጅ

«ልብስም ትሰፋለች» አለች የአጎቴ ሚስት ከኩሽና ውስጥ፤ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ድሮም አይሆንላትም። «ሠራተኛዋ ከወጣች ይኸው ወር ሊሞላት ነው። እህትህ ከመጣችልን ሌላ ሰው ለምን እንፈልጋለን? የቤት ሰው ናት፣ አትሰርቅም፣ ደሞዝ አትጠይቅም። የኋላው ክፍል ይበቃታል።» አጎቴ ምን ብሎ እንደመለሰላት አልሰማሁም፤ አፉ ዳቦ ሞልቶት ነበር። እኔ ሳሎን ውስጥ፣ ከተገዛ ጀምሮ ፕላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ ላይ ተቀምጬ የስልክ ማቆሚያዬን እግሮች እዘረጋ ነበር። የሚያወሩት ስለ አክስቴ ነው፤ የአጎቴ የመጨረሻ ታናሽ እህት፣ እናቴ ስትሞት እኔን ያሳደገች፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትኖር፣ አያቴን አባባን ስድስት ዓመት ሙሉ አጥባና አብልታ የቀበረች። አባባ ካረፉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። እሷና እኔ አሁንም እሳቸው ቤት ነን። ቤቱ ሦስት ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ ነው፤ ድሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ዘንድሮ አዲስ አስፋልት በደጁ ሲያልፍ ግን ዘመድ ሁሉ ቤቱ ይናፍቀው ጀመር።

ትልቁን አጎቴን ቤተሰቡ በሌለበት «ሊቀመንበሩ» ይለዋል። የሲሚንቶና የሴራሚክ ነጋዴ ነው። ሦስት ሰው ለምሳ ቢቀመጥ እንኳ ስብሰባ ይከፍታል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ «እንግዲህ ዛሬ የተሰበሰብንበት ምክንያት» ይላል። ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ማን ይሰማኛል። አራት ዓመት ኮሌጅ ገብቼ አኒሜሽን ስማር አንድም ቀን ምን እንደምማር አልጠየቀኝም፤ «ካርቱኗ» ነበር የሚለኝ። ካርቱኗ መጣች፣ ካርቱኗ ሻይ ስጪን። ባለፈው ወር ኮሌጁ የተመራቂዎችን ሥራ ለቤተሰብ ሲያሳይ ግን አክስቴን በመኪናው ይዞ መጣ። የኔ ሥራ አባባ ናቸው። የመጨረሻ ሁለት ዓመታቸውን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ስስላቸው ኖሬ፣ ከዚያ ፊታቸውን በኮምፒውተር ሠርቼ ሕይወት ሰጠሁት፤ ዓይናቸው ይርገበገባል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ሊናገሩ ሲሉ ቅንድባቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ይነሳል። ሊቀመንበሩ ስክሪኑ ፊት ቆሞ ብዙ አየ። ያለቀሰ መስሎኝ ልቤ ራራለት። «ይሄ ፊት ሌላ ሰው ገላ ላይ ቢገጠም ይሆናል?» አለኝ። እኔ ሞኟ ሙያዬ የተከበረ መስሎኝ፣ እንዴት እንደሚሆን እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳሁት።

ከሦስት ቀን በፊት ደወለልኝ። ሲያስረዳኝ ነገሩ ወንጀል አይመስልም ነበር፤ ማናቸውም ነገር ከሱ አፍ ሲወጣ የልማት ሥራ ነው የሚመስለው። «አባባ ይሄን በቃላቸው ነግረውኛል። ሰው ደግሞ ካላየ አያምንም። አንቺ የተናገሩትን ታሳዪልኛለሽ፣ በቃ።» የሚታየው ቪዲዮ አባባ ሊሞቱ ሁለት ወር ሲቀራቸው በሱ ስልክ የተቀረፀ ኑዛዜ ተብሎ ይቀርባል። ቤቱ ይሸጥ፣ የሚሸጠውም ትልቁ ልጄ ይሁን፣ ታናሽ እህታችሁም ከሱ ጋር ትኑር ይላሉ። ለኔ ደግሞ ሥራ። ጓደኛው የማስታወቂያ ስቱዲዮ አለው፤ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እጀምራለሁ። ከክፍላችን ሃያ ስድስት ተመራቂዎች ውስጥ የስቱዲዮ ደጃፍ የረገጠ አንድም ሰው የለም። እሺ አልኩ። ስለ አክስቴ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው፤ አሰብኩ፣ ከዚያ ሰኞን አሰብኩ። ወንድሟ ቤት እንደ እህት ትኖራለች ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የኋላውን ክፍል የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ማቆሚያዬን አጣጥፌ አልወጣሁም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ እኔ ገና ሳልበላ ነው የጀመርኩት።

የአባባ ወንበር ሳሎኑ መሀል ቆሟል። ትናንት «እግሩ ላልቷል፣ ላስጠግንላችሁ» ብሎ ነው ከቤታችን ያወጣው፤ አክስቴ አመስግና፣ አቧራውን ጠርጋ አስረከበችው። የአባባን ኮት ደግሞ ሚስቱ በቀብሩ ሳምንት «መታሰቢያ ይሁነኝ» ብላ ወስዳዋለች። ሊቀመንበሩ ለበሰው፤ አባባ ከሲታ ነበሩ፣ የሱ ሆድ ግን ሱቁን ያክላል፣ ቁልፉ ከቀዳዳው በአንድ ስንዝር ራቀ። ሚስቱ ብዙም አላሰበችም። መቀስ አመጣችና መታሰቢያዋን ከጀርባው ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተረተረችው። «ካሜራ ጀርባ አያይም አይደል?» አለችኝ። አያይም አልኳት። ሊቀመንበሩ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

ድምፁ ቁርጥ የአባቱ ነው፤ ስልክ ሲደውል አክስቴ እንኳ አንዳንዴ ትደነግጣለች። የቀረው ግን ሁሉ የሱ ነበር። በመጀመሪያው ቅጂ ስለ ሴራሚክ ጥራት የሚያስረዳ መሰለ። በሁለተኛው ሳል ጨመረበት፣ በሦስተኛው ሳሉን አበዛው፣ ሚስቱ «ሊሞቱ ሁለት ወር ሲቀራቸው እኮ ነው፣ አሁን አትሙት» አለችው። በሰባተኛው ግን ተዋጣለት። «ልጆቼ» አለ፣ ቆም አለ፣ ተነፈሰ። «ቤቱን ትልቁ ልጄ ይረከበው።» ይሄን ሲል ቀኝ እጁን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ በሌባ ጣቱ ወደ ካሜራው ጠቆመ፤ ዕቃ ጫኞችን ሲያዝ እንደሚያደርገው። እንደገናም ጣቱን አወዛወዘ። በጣም ያምራል፣ የሊቀመንበር እጅ ነው።

አባባን ስትሮክ የመታቸው የዛሬ ሰባት ዓመት ግድም ነው። አንደበታቸው ተረፈ፣ ቀኝ እጃቸው ግን ሰለለ፤ እስኪሞቱ ድረስ አንድ ጣት አላንቀሳቀሱበትም። ስትሮኩን ዘመድ ሁሉ ሰምቷል፤ «ተሻላቸው» የሚለውንም ዘመድ ሁሉ ሰምቶ ተንፍሷል፣ ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም። አባባ ደግሞ ኩሩ ነበሩ። እንግዳ መጣ ሲባል አክስቴ እጃቸውን በሁለት እጇ አንስታ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ትከተዋለች፣ እሳቸው ቀና ብለው ይቀመጣሉ፣ የመጣው ትከሻቸውን ስሞ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። «አባባ እንኳ በኩራታቸው እጃቸውን ከኪስ ሳያወጡ ነው የሚቀበሉን» እየተባለ ይሳቅ ነበር። ሊቀመንበሩ በሦስት ወር አንዴ ይመጣል፤ አንዳንዴ የመኪናውን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ። ይሄን እያሰብኩ ስልኬን ይዤ ቆምኩ፤ አያውቅም፣ አባቱ የትኛው እጅ እንደሰለለባቸው ቀርቶ መስለሉንም አያውቅም። «ጋሼ፣ እጅዎ…» ብዬ ጀመርኩ። «አንቺ ማሽንሽን ያዢ» አለኝ። «ትወናውን ለኔ ተይው። አባቴን አንቺ አታስተዋውቂኝም።» ዝም አይነቅዝም፤ ዝም አልኩ። ጀግንነት አልነበረም። ካወቁበት ይወቁበት፣ ካላወቁበት ሰኞ አለልኝ ብዬ ነው። እንደኔ ያለ ፈሪ ሁለቱንም በር ገርበብ አድርጎ ይተዋል።

ኮሌጅ ስደርስ ግቢው በወላጅ ተሞልቷል፤ ለካ የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ቀን ነው። ዋናው በር ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። «ፊልም፣ ጌም፣ ማስታወቂያ፣ ሕክምና፣ ሥነ ሕንጻ፤ ዓለም እየጠበቀችህ ነው» ይላል፤ ከጽሑፉ ጎን ክንፍ ያለው ልጅ ይበራል። ልጁን የሳለው ከኛ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ጎበዝ ነው፤ ዓለም ጠብቃ ጠብቃ ሰልችቷት ሳትሄድ አልቀረችም፣ እሱ አሁን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። አዳራሹ ውስጥ አንድ አባት ተነስቶ «ሥራ ግን አለው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ በመስኮት ሰማሁ። ዲኑ ፈገግ አለና «ሥራው ነው እኛን የሚፈልገን» አለ። ተጨበጨበለት። እውነቱን ነው፣ ሥራ አለ። ከቀደሙን ተመራቂዎች ፊልም የገባው ልጅ የሰው ፊልም መጨረሻ ላይ የሰው ስም ይጽፋል። ከኛ በፊት ከነበረው ባች አንደኛ የወጣችው ለሳሙና ፋብሪካ አረፋ ታስጨፍራለች፤ ሦስት ዓመት ያው አረፋ ነው፣ ካርቶኑ ሲቀየር ቀለሙን ትቀይርለታለች። ሕክምና የተባለችዋ ለሆስፒታል መተላለፊያ ፈገግ የሚል ኩላሊት ሠርታለች። ሥነ ሕንጻ የደረሰው ደግሞ ያልተሠራ ፎቅ ፊት ያልተወለዱ ሰዎችን ያንሸራሽራል፤ ራሱ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይቶ ይኖራል። የኔ ዘርፍ ብቻ ባነሩ ላይ አልነበረም፤ ሙት ማናዘዝ። እሱም ደንበኛ አለው፣ ያውም ሲሚንቶ ነጋዴ።

ኮምፒውተር ክፍሉ ባዶ ነበር። ጥግ ያለውን ማሽን ያዝኩ። ዓይናችን በምንሠራው ሥራ ደስ ይለዋል፤ ነውሩ እዚህ ላይ ነው። የሊቀመንበሩን ራስ አንስቼ የአባባን ተከልኩ፣ አንገቱን አቀጠንኩ፣ ግድግዳውን የቤታችንን ግድግዳ አደረግኩ፣ የእጁን ቆዳ አስረጀሁ፣ ቀለበቱን አጠፋሁ። አባባ ከመናገራቸው በፊት ቅንድባቸው ቀደም ብሎ እንዲነሳ ስሠራ ሁለት ሰዓት ሄደብኝ፣ ማንም አላዘዘኝም። ዓይናቸውን ሳስገባ ደግሞ በግራ በኩል ትንሽ እንባ አቆርኩላቸው፤ ሲያረጁ እንዲያ ነበር የሚያደርጋቸው። ሥራው ሲያምር ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ለማን እንደምሠራው ረስቼ ደስ አለኝ፣ ከዚያ እጁ ተነሳና ጠቆመ።

አስተማሪያችን ከኋላዬ መቆማቸውን አላወቅኩም። ወጣት ሳሉ ውጭ አገር ለሚታይ የልጆች ተከታታይ የአንድ ቀበሮ ጅራት ብቻ ሲያንቀሳቅሱ አምስት ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስለ ጅራቱ ሲያወሩ አሁንም ዓይናቸው ይበራል። የመጀመሪያ ዓመት የመጀመሪያ ትምህርታቸው ይሄ ነበር፤ ሰው አፍን አያምንም፣ ክብደትን ነው የሚያምነው። እናት ልጇን ከመንገድ ማዶ ፊቱን ሳታይ በአረማመዱ ትለየዋለች፤ ስለዚህ የተሳሳተ እንቅስቃሴ ያልተማረ ሰውም ያየዋል። ስክሪኑን ሁለት ጊዜ አዩት። «ይሄ እጅ የሰውየው አይደለም» አሉ። አባባን በአካል አያውቋቸውም፤ በሥዕሎቼ ብቻ ነው የሚያውቋቸው። «በሥዕሎችሽ ሁሉ ኪሱ ውስጥ አልነበረም? የሰለለ እጅ ነው ብለሽኝ አልነበረም?»

«ነበር» አልኩ። «ደንበኛው እንዲህ ይሁን ብሎ ነው።»

«ደንበኛው» አሉ። መነፅራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉ። «እንግዲያው ሥራ አግኝተሻል ማለት ነው። እንኳን ደስ ያለሽ።» በሩ ጋ ደርሰው ዘወር አሉ። «ማጣቀሻውን ከሥራው ጎን አስቀምጪ፣ ለደንበኛ ቢሆንም።» የኮሌጁ ሕግ ነው፤ የተጠናቀቀ ሥራ ብቻውን አይወጣም፣ የተነሳንበት ጥሬ ቪዲዮ አብሮት በአንድ ፍላሽ ይቀመጣል፣ ምን አይተን ምን እንደሠራን እንዲታወቅ። ከልማድ ነው የገለበጥኩት፤ አንድ ብዬ የአባባን፣ ሁለት ብዬ የሊቀመንበሩን።

አሥር ሰዓት ላይ ቤታችን ሞልቶ ነበር። ወንበሩ «ተጠግኖ» ተመልሷል፤ ማንም ስላልደፈረው ሊቀመንበሩ ራሱ ተቀመጠበት፣ በራሱ ኮት። ሚስቱ ከጎኑ ናት። ሁለተኛው አጎቴ ፋርማሲስት ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የአባባን የደም ግፊት መድኃኒት «በቅናሽ» የሸጠልን እሱ ነው፣ ከሱቁ ወደዚህ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ትልቋ አክስቴ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ቤት ስትገባ ጣቷን መስኮቱ ላይ አሳርፋ አቧራ ታያለች። ስለ ዘይት ዋጋ ተወራ፣ ስለ አዲሱ አስፋልት ተወራ፣ የጎረቤቱ ቤት በስንት እንደተሸጠ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያውቅ ነበር። አክስቴ ሻይ ታዞራለች። የስፌት መኪናዋን ለእንግዳ ቦታ እንዲሆን ወደ መኝታ ክፍል አስገብታዋለች፤ ክር ግን ቀሚሷ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፣ ሰማያዊ፣ የዩኒፎርም ክር። ማንም ተቀመጪ አላላትም።

ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እንግዲህ ዛሬ የተሰበሰብንበት ምክንያት» አለ፣ አሮጌ ስልኩ ውስጥ የአባታችንን አደራ ስላገኘሁ ነው አለ፣ አክስቴ ክር ልትገዛ በወጣችበት ቀን ለብቻችን ሆነን የነገሩኝ ነው አለ፣ ድምፁ ተሰበረ። በቴሌቪዥኑ እንድከፍት ለኔ ምልክት ሰጠኝ። ፍላሹን ሰካሁ። አባባ መጡ። ግድግዳቸውን ተደግፈው፣ ቅንድባቸው ቀደም ብሎ ተነስቶ፣ ግራ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ልጆቼ» አሉ። ዳይሬክተሯ «ወይኔ አባቴ!» ብላ ደረቷን መታች። ፋርማሲስቱ መነፅሩን አወለቀ። እጁ ተነሳ፣ ጠቆመ፣ ተወዛወዘ። ፊታቸውን ነበር የማየው፤ አሁን ያዩታል፣ አሁን አንዱ ይጮኻል ብዬ። ማንም አልጮኸም። አርባ አንድ ሰኮንድ ነው፤ አርባ አንዱንም ሰኮንድ እያለቀሱ አዩት፣ ሲያልቅም «ምን ዓይነት አባት ነበሩ» ተባለ። አስተማሪዬ ተሳስተዋል። ሰው ክብደትን የሚያምነው የተሸከመው እንደሆነ ነው። እነዚህ ምን ተሸክመው ያውቃሉ? ናቅኳቸው፣ እንደዛሬ ሰው ንቄ አላውቅም፤ ደግሞ የናቅኩት ሁሉ እኔው በሠራሁት ቪዲዮ የሚያለቅስ ስለነበር ንቀቱ ዞሮ እኔው ላይ ያርፋል።

ወረቀቱ ተተይቦ ነበር የመጣው፤ ከእንባው ቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ቤቱን ለመሸጥ ለትልቁ ወንድማችን ውክልና ሰጥተናል ይላል። ፋርማሲስቱ እንባውን እየጠረገ ፈረመ። ዳይሬክተሯ ሁለት የፊደል ስህተት አርማ ፈረመች። የአጎቴ ሚስት እስክሪብቶውን ለአክስቴ አቀበለቻትና «አይዞሽ፣ ክፍልሽን አዘጋጅቼልሻለሁ» አለቻት። አክስቴ የሻይ ትሪውን በአንድ እጇ እንደያዘች እስክሪብቶውን በሌላው ተቀበለች። ትሪውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። «እስቲ እንደገና ክፈቺልኝ» አለችኝ።

ከፈትኩላት። ቆማ አየችው፣ እንባ የለ፣ ምን የለ። አባባን በሕይወት ሳሉ ሁላችንም አንቱ ስንላቸው አንተ የምትላቸው እሷ ብቻ ነበረች፤ አጥቦ ያበላ ሰው አንቱ ማለት ይከብደዋል። ሲያልቅ እኔን አየችኝ። «ዓይኑ የሱ ነው። አሳምረሽዋል» አለችኝ። ጥፊ ብትሰጠኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሌሎቹ ዞረችና፣ የሻይ ስኳር በቃችሁ ወይ እንደምትል አድርጋ፣ «እጁ ግን መቼ ዳነ?» አለች።

ሊቀመንበሩ ቀና አለ። «የቱ እጅ?»

ጥያቄው ሳሎኑ መሀል ተቀመጠ። እሱ ራሱም ምን እንዳለ የገባው ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ጆሮው ቀላ። ሆኖም ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ዓይነት ነውና «እ፣ እሱማ… ያን ቀን ትንሽ ተንቀሳቅሶላቸው ነበር። ለኔ ብለው መሰለኝ» አለ። ፋርማሲስቱ «እጃቸው ምን ሆኖ ነበር?» አለ። መድኃኒቱን የሸጠው ሰው ነው ይሄን የጠየቀው።

«ስልክህን አውጣ» አለችው አክስቴ። «ልጅህ የተመረቀ ጊዜ አብራችሁት የተነሳችሁት አለ። እትዬ፣ አንቺም ያንቺን አውጪ።» አልተከራከረችም፣ ድምፅዋንም አላነሳችም። ስልኮች ወጡ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያላገኙትን ትኩረት ያን ጊዜ አገኙ፤ ልጆቻቸው አንገታቸውን ደፍተው በጣታቸው እያሰፉ እጃቸውን ፈለጉት። ፋርማሲስቱ ከምረቃው ላይ አየ፤ ኪስ ውስጥ ነው። ዳይሬክተሯ ከሹመቷ ግብዣ ላይ አየች፤ ኪስ ውስጥ ነው። አንዱን ዓመት አልፋ ሌላውን ዓመት አየች፣ ከዚያ ስልኩን ደረቷ ላይ ገለበጠችው። የአጎቴ ሚስት እንኳ መፈለጉን መተው አቅቷት «እዚህም ኪሳቸው ውስጥ ነው» አለች ጮክ ብላ፣ ባሏም በክርኑ ጎሰማት። «ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የምከትለት» አለች አክስቴ። «አቤት ይከብድ ነበር። የሰለለ እጅ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላውቅም ነበር።» እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋደመችው። ዳይሬክተሯ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን ሳበችና የራሷን ፊርማ ሁለት ጊዜ ሰረዘችው።

ያን ጊዜ ሁሉም ዞረው እኔን አዩ፤ ዓይኑን ያሳመርኩትን እኔን። ሰኞ ስትሞት ተሰማኝ። ሊቀመንበሩ ብድግ አለ፤ ወንበሩ ከኋላው ተንቋቋ፣ እግሩ እንደላላ ነው፣ አላስጠገነውም። «እሷ ናት!» አለ። «ያበላሸችው እሷ ናት! እኔ ደህና አድርጌ ነው የሰጠኋት! ጥሬውን እኮ እኔ…» ብሎ መሀል ላይ ቆመ። ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጥሬው እዚሁ ፍላሹ ላይ አለ፣ ጋሼ» አልኩት። «ሁለተኛው ነው። ልክፈተው?»

ሁሉም የሱን እጅ ነበር የሚያዩት፤ በንዴት ወደኔ የዘረጋው ቀኝ እጁ፣ ሌባ ጣቱ እንደ ቀና፣ ገና አየር ላይ ነበር። እሱም አየው። ቀስ ብሎ አወረደው፣ የት እንደሚያደርገው ጠፋበት፣ በመጨረሻ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከጠዋት ጀምሮ ሲለፋበት የዋለው ያን ጊዜ ገና ተሳካለት፤ ቁርጥ አባቱን መሰለ።